ሥዕሉን ተመልክተህ አስረዳ

ጥቅምት 8

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሰላምታውን አስቀድሜ ይቅርታውን ላስከትል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይቅርታው ስለከበደኝ እሱን ላስቀድም። ይቅር በለኝ። አንተ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? ባለቤትህን ሳሉ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ «ደህና» የሚለው ቃል የሚችለውን ያህል።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀኸኛል። ማንሳቱንስ አነሳለሁ። ቀኝ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግራው ደግሞ ድሮም አልነበረም። አንተ «ደህና ነሽ?» ስትለኝ «ገና ነሽ?» ያልከኝ ይመስለኝና ተቆጥቼ እዘጋዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው። ደብዳቤ ግን ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ያንኑ ነው የሚለው። ስለዚህ ጻፍልኝ።

ፈተና ከሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤትህ የወጣው መመሪያ ደርሶናል። ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ክፍል ሰብስቦን ቆሞ አነበበው። ከዘንድሮ ጀምሮ የአገር አቀፉ የሒሳብ ፈተና የጥያቄ አቀራረብ ይለወጣል። ሲጨርስ የፊዚክሱ ሽማግሌ እጁን አውጥቶ፣ «ምርጫው ስንት ነው? አራት ነው አምስት?» አለ። «ምርጫ የለውም» አለው ርዕሰ መምህሩ። ሽማግሌው ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ታዲያ ልጆቹ በምን ይገምቱ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ለሰባት የሒሳብ መምህራን የመጣልን አንድ የናሙና ጥራዝ ብቻ ነው። ኮፒ ማድረጊያው ቀለሙ አልቆበት ስለነበር የኔ ቅጂ ላይ ግራፎቹ የጉንዳን መንገድ መስለው ወጥተዋል። ቢሆንም አነበብሁት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ «ሁለቱን ምርጫ ጣሉ፣ ከቀሩት አንዱን ተኩና አረጋግጡ» እያልሁ ነው ያስተማርሁት። አንተንም በዚያው ነው ያሳለፍሁህ። አሁን ይኼ ሁሉ ያለፈበት ገንዘብ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ፈተናው አይደለም፣ አትደንግጥ። ናሙናው ላይ ካሉት አርባ ጥያቄዎች አሥራ ሰባቱ የሚጀምሩት «ሥዕሉን ተመልክተህ አስረዳ» ብለው ነው። ክፍሌ ውስጥ የልብስ ሰፊው ልጅ አለች፤ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። በብሬል ነው የምትጽፈው። ጥያቄ ጮክ ብዬ ሳነብ ሌሎቹ ገልብጠው ሳይጨርሱ እሷ መልሱን ትነግረኛለች። መሆን የምትፈልገው፣ ብታምንም ባታምንም፣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። «ከኔ አይተሽ ነው?» ብላት፣ «ምንም አላየሁም» አለችኝ።

እሷ ሥዕሉን በምን ትመልከተው?

እህትህ

ጥቅምት 27

እትዬ፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ የኔን ደግሞ አንቺ ተቀበይ። ሳሉ ለቋታል፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትንሿ ልጄ ጥርሷ ወልቆ ስሟን በትክክል መጥራት አቅቷታል። ስለ ጆሮሽ የጻፍሽውን አንብቤ ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋኝ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ናሙናው ላይ ያለውን የውኃ ጋን ግራፍ ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ ብለሽ ሳትጠረጥሪ አትቀሪም። አይደለሁም ብዬ አልዋሽሽም፣ ነኝም አልልሽም። ፈተና የምናወጣበት ክፍል መስኮት የለውም። ስንገባ ስልካችንን በር ላይ ባለው ሣጥን እናስቀምጣለን፤ ስንወጣ የሞነጫጨርንበት ወረቀት ሁሉ በመቁረጫ ማሽኑ ያልፋል። የልጄን የልደት ቀን የጻፍሁበት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ተቆርጦብኛል። ስለዚህ አትጠይቂኝ። እንደማትጠይቂኝ አውቃለሁ፣ ግን ደግሜ ልበለው።

ለውጡን ግን ልከላከልለት። ሁለት ዓመት ያለፈ ይመስለኛል፣ ሦስት መቶ ተማሪዎች ትክክለኛውን ምርጫ ካከበቡ በኋላ ምክንያቱን እንዲጽፉ አድርገን ነበር። «መልሱ ሐ የሆነው ለምንድን ነው?» ለሚለው አንዱ «ሌሎቹ ስላልሆኑ» ብሎ ጻፈ። ያ ልጅ ያንቺ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብሁ። ሌላውም ከሱ የተሻለ አልጻፈም። መልሱን የሚያውቅ እንጂ ነገሩን የሚያውቅ አጣን፣ እትዬ።

ስለ ልብስ ሰፊው ልጅ፣ የመመሪያውን አባሪ ሦስት እዪው። ዓይነ ስውራን ተፈታኞች ሥዕል ካለባቸው ጥያቄዎች ነፃ ናቸው። ውጤታቸው ከቀሩት ጥያቄዎች ይሰላል። ምስክር ወረቀቱ ላይ «በከፊል የተፈተነች» ተብሎ ይጻፋል። ለምሕረት ታስቦ ነው።

ታናሽሽ

ኅዳር 19

ወንድሜ፣

አባሪ ሦስትን ቀድሜም አንብቤው ነበር። አንተ ሌላ ነገር ትነግረኛለህ ብዬ ነበር የጠየቅሁህ።

ስለ ጤናዬ ላነሳኸው፣ ሐኪሙ ዘንድ ሄጃለሁ። ምን እንዳለኝ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ነፃ ነሽ መባሏን ለልጅቷ የነገርኋት እኔ ነኝ። ከክፍል በኋላ አስቀርቼ አባሪውን አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ነፃ ማለት ምንድን ነው?» አለች።

«አትጠየቂም ማለት ነው።»

«ካልተጠየቅሁ ማወቄን በምን ያውቃሉ?»

«በከፊል የተፈተነች» የሚል ምስክር ወረቀት ይዛ ዩኒቨርሲቲ ብትሄድ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ በር ላይ ይመልሳታል፤ አስደውዬ አጣርቻለሁ። እኔ በስልክ መስማት ስለማልችል የደወለችልኝ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። «ሙሉውን ያልተፈተነ አንቀበልም» ብለዋታል፣ በትሕትና። ምሕረታችሁ በር ላይ ነው የሚያቆማት።

አባትየው ይህን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ ትምህርት ቤት መጣ። ሲበዛ ጭምት ሰው ነው፤ ሲናገርም አፉ ውስጥ መርፌ የያዘ ይመስል ከንፈሩን አይከፍትም። ግራፍ ምን እንደሚመስል እንዳሳየው ጠየቀኝ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሳልሁለት። ትንሽ አየውና፣ «ይኼ እኮ የብብት ቅድ ነው» አለኝ። በማግስቱ ኮሌታ ውስጥ የሚገባውን ጠንካራ ጨርቅ ቆርጦ፣ ቋሚውንና አግድሙን መስመር በወፍራም ክር ድርብ ሰፍቶ፣ ኩርባውን በዚግዛግ አዙሮ ይዞልኝ መጣ። ልጅቷ በጣቷ ሄደችበት፤ ሁለተኛ ሄደችበትና፣ «አባዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ካሬ ዘለሃል» አለችው። ዘርግተን ብንለካው እውነትም ዘሏል። ተርትሮ ሰፋው።

እስካሁን ሃያ ሦስት ግራፍ ሰፍቷል። አንዳንዴ ማሽኑን ያቆምና፣ «ይኼኛው እየወረደ ነው፤ ደግ ነገር ነው መጥፎ?» ይለኛል። «የሚወርደው በሽታ ከሆነ ደግ ነው» እለዋለሁ።

ስለሌሎቹ ተማሪዎች ምን ልበልህ። በአዲሱ ዓይነት የመጀመሪያውን ፈተና ሰጠኋቸው። ከሃምሳ ስምንቱ አርባ አንዱ «ለምን?» የሚለውን ቦታ ባዶ ትተውታል። አንዷ «ቦታው ስላነሰኝ» ብላ ጽፋለች። ባዶ ቦታ ማረም እንዴት እንደሚያደክም ነግሬህ አላውቅም። ስህተት ቢሆን ታስተካክለዋለህ፤ ባዶውን ምን ታደርገዋለህ?

ከዚህ ጋር አንድ ጨርቅ አለልህ። ግራፉ ከታወቀው የድሮ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፣ ምስጢር የለበትም። ዓይንህን ጨፍነህ ዳስሰው። ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ፤ ጣለውም ብትል አልቀየምህም።

እህትህ

ታኅሣሥ 21

እትዬ፣

ጨርቁ ደርሶኛል። ዳስሼዋለሁ።

ከእንግዲህ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ አትጻፊልኝ፤ በቤቴ አድራሻ ይሁን። ለምን እንደሆነ አትጨነቂ፤ ፖስታው እዚያ ስለሚዘገይ ነው።

ከቻልሽ እነዚህን መልሺልኝ፤ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ነው ማወቅ የሚፈልገው። አንድ ሥዕል በጣቷ ለማንበብ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባታል? መጠኑ ምን ያህል ቢሆን ይሻላል? ቁጥሮቹ የት ቢጻፉ ነው የሚመቻት? ሥዕሉን ዳስሳ ከምታገኘው ይልቅ ሰው በቃል ቢገልጽላትስ?

ስለ አርባ አንዱ ባዶ ቦታ አንብቤ፣ እኛ ይህን ስናወጣ ባዶውን የሚያርመው ማን እንደሆነ እንዳላሰብን ገባኝ። ይቅርታ። ይህ የመሥሪያ ቤቴ ይቅርታ አይደለም፣ የኔ ብቻ ነው።

ከመቀመጥ ብዛት ነው መሰለኝ ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ አሁን ብዙ እየቆምሁ ስለሆነ እሱ እንኳ ተሽሎኛል። የጆሮሽን ነገር ሳትጽፊልኝ ቀረሽ።

ታናሽሽ

ጥር 15

ወንድሜ፣

ጉልበትህ ስለተሻለህ ደስ ብሎኛል፤ ምነው ብዙ መቆም መጣ ግን?

የጠየቅኸውን በተራ ልመልስ። ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን ሰዓት ይዘን ነው የሠራነው። ሥዕሉ ከሁለት መዳፍ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከበለጠ አንዱን ጫፍ ስትነካ ሌላው ይጠፋባታል። ሁለት ኩርባዎች የሚቋረጡ ከሆነ ስፌታቸው የተለያየ መሆን አለበት፣ አለዚያ መንታ መንገድ ላይ እንደ ቆመ ሰው ትሆናለች። ቁጥሮቹ ከዳር በብሬል ይጻፉ፤ መሀል ከገቡ ከመስመሩ ጋር ይምታታሉ። ጊዜው ሌላው ተማሪ ከሚፈጅበት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን።

ሰው በቃል ቢገልጽላትስ ላልኸው፣ ሞክረነዋል። አዲሱ የሒሳብ መምህር የናሙናውን የውኃ ጋን ግራፍ ሊገልጽላት ተቀመጠ። «እስከ አራት ሰዓት ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል» አላት። ጥያቄው ደግሞ «ውኃው መውረድ የጀመረው መቼ ነው?» የሚል ነው። «መልሱን ነገርኸኝ እኮ» አለችው። አፍሮ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ በጣም ተጠነቀቀ። «አንድ መስመር አለ» ካለ በኋላ ዝም አለ። እንዲህ ነው፤ ሲገልጹላት ወይ መልሱን ይሰጧታል ወይ ጥያቄውን ይነፍጓታል። ለራሷ ጣት ይተዉላት።

ሌሎቹ ልጆች ትንሽ ትንሽ መጻፍ ጀምረዋል። «ምክንያቱም ፎርሙላው እንደዚያ ስለሚል» የሚል አሁን ብዙ ነው። «ፎርሙላውስ ለምን እንደዚያ አለ?» ብዬ በቀይ እጽፍበታለሁ። አንዱ መልሶ ከሥሩ «እርስዎ ስላሉን» ብሎ ጻፈልኝ። ልቆጣ ነበር፤ እውነቱን መሆኑ ከለከለኝ።

አሁን ደግሞ አንተ መልስልኝ። ፖስታ እዚያ የሚዘገይ ከሆነ ባለፉት አሥር ዓመታት ለምን አልዘገየም? ታናሼ፣ ስትዋሽ ዓረፍተ ነገርህ እንደሚያጥር ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃለሁ።

እህትህ

መጋቢት 2

እትዬ፣

ስድስት ሳምንት ዝም ማለቴ ከውሸት እንዳይቆጠርብኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እዚህ ያለሁበት ቦታ መቁረጫ ማሽን ስለሌለ በእጄ ነው የቀደድሁት።

ጨርቁን ለክፍል ኃላፊያችን ወስጄ አሳየኋት። ጠንካራ ሴት ናት፣ ግን ክፉ አይደለችም። መነጽሯን አውልቃ ጨርቁን በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ፣ «ማን ነው የላከው?» አለችኝ።

«አንዲት መምህርት።»

«ታውቃታለህ?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። «አይ፣ በፖስታ ነው የመጣው» ብል ያልቅ ነበር። ጨርቁ ግን ገና እጇ ላይ ነበር፤ አንቺ ደግሞ «ዓይንህን ጨፍነህ ዳስሰው» ብለሽኝ ነበር፤ እንጃ። «እህቴ ናት» አልኋት። «የመጨረሻውን ክፍል ታስተምራለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሰባት ዓመት ሆናት።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ቅጹን ስትሞላ ምን ጻፍህ?»

ጥያቄ አውጪዎች በየዓመቱ የምንሞላው ቅጽ ድሮ የሚጠይቀው የሚፈተን ልጅ እንዳለን ብቻ ነበር። ዘንድሮ «ለተፈታኞች የሚያስተምር ወንድም ወይም እህት» የሚል ተጨመረበት። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልጻፍሁም። «ባዶ ተውሁት» አልኋት። ያንቺ አርባ አንድ ተማሪዎች ትዝ አሉኝ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከጥያቄ አውጪዎች ክፍል ወጥቻለሁ። ያወጣኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ተጥለው በሌላ ተተክተዋል፤ ስለዚህ ናሙናው ላይ የኔ የነበረውን እንኳ እርሺው። አሁን መጋዘን ነኝ። ቆሜ የመልስ ወረቀት እሽጎችን እቆጥራለሁ፣ ማኅተማቸውን አያለሁ። ጉልበቴ የተሻለው ለዚህ ነው። ቀን ቀን የሚገባ ብርሃን አለው ቢያንስ።

ጨርቁን ግን አልጣለችውም። በጥር ደብዳቤሽ የመለስሽውን ሁሉ ስምሽን አውጥቼ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠኋት። ለኮሚቴ አቀረበችው። ባለፈው ሳምንት ወስነዋል፦ አባሪ ሦስት ተሰርዟል። በመላ አገሪቱ ላሉ አሥራ ዘጠኝ ዓይነ ስውራን ተፈታኞች ሥዕሎቹ በጣት በሚዳሰስ፣ ከፍ ባለ መስመር ይዘጋጃሉ፣ ጊዜም አንድ ተኩል እጥፍ ይሰጣቸዋል። የሚያዘጋጁት ሌሎች ናቸው፤ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ አሁን ብትጠይቂኝም የምደብቅሽ የለኝም።

ልጅቷ ስለኔ እንዳታውቅ። ዕዳ ያለባት ይመስላታል።

ታናሽሽ

መጋቢት 30

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር ሰነበትሁ። «እኔ ነኝ ያስወጣሁህ» ብዬ ብጽፍ አንተ «አይደለሽም» ብለህ ትጽፋለህ፤ በመካከላችን የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ብቻ ይደክማል። ስለዚህ ተውሁት። እንዳዘንሁ ግን እወቅ።

ለልጅቷ የነገርኋት መሰረዙን ብቻ ነው። የብሬል ሰሌዳዋንና መውጊያዋን አወጣችና «እንጀምር?» አለች። አባቷ ግን ከሱቁ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ትንሽ ቆመ።

ስለ ጆሮዬ ምን እንዳሉኝ ጠይቀኸኝ ነበር። እሺ። ቀኙ እየሄደ ነው፣ የሚመለስም አይደለም። መሣሪያ አድርገውልኛል፤ ክፍል ውስጥ የወንበር መጎተቱን ያጎላና የሰዉን ድምፅ ያፍነዋል።

ድሮ ቢሆን እኖርበት ነበር። ድሮ «መልሱ?» ስል «ለ» ወይም «ሐ» ይሉኛል፤ ከከንፈራቸው አነበዋለሁ። አራት ፊደል ነው በቃ። አሁን ግን አንድ ልጅ ተነሥቶ ያሰበውን ያስረዳል። ይህ ሁሉ ድካም ለዚህ ነው አይደል? ባለፈው ማክሰኞ ከኋላ የሚቀመጠው፣ ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የማያውቀው ልጅ ተነሥቶ ረጅም ነገር ተናገረ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየው። ፊታቸውን ሳይ ጥሩ ነገር እንደተናገረ ገባኝ። እኔ ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። «ጎበዝ» አልሁት። ተቀመጠ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዳግመኛ መጠየቅም አፈርሁ።

ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ከዚህ ዓመት በኋላ ክፍል አልገባም። ለማንም አልተናገርሁም፤ አንተ ሁለተኛ ነህ።

እህትህ

ሰኔ 24

ወንድሜ፣

ፈተናው እንዴት እንደዋለ ለጠየቅኸኝ፤ እኔ በአካባቢው እንድደርስ አልተፈቀደልኝም፣ የማውቀው ልጅቷ የነገረችኝን ነው። ስትነግረኝ በግራ እጇ ክንዴን ይዛ፣ ፊቷን ወደኔ አዙራ፣ ከንፈሯን በደንብ እያንቀሳቀሰች ነው። ለአንድም ተማሪ መስማት አለመቻሌን ነግሬ አላውቅም ነበር፤ እሷ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች እንጃ።

ሥዕሎቹ መጥተዋል። ከፍ ብሎ በሚዳሰስ ቀለም በወፍራም ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። የአባቷን ስፌት ያህል አይደሉም፣ ግን ይነበባሉ አለች። ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ መስመሩ መሀል ላይ ጠፋባት። ከሌላ ወረቀት በታች ሆኖ ተጨፍልቋል። ፈታኙን ጠራችው። አየውና፣ «እኔ ይታየኛል እኮ» አላት።

«እኔ ግን አልታየኝም፤ ተጨፍልቋል።»

«እንግዲያው ዝለይው፣ ማስታወሻ እጽፍልሻለሁ» አለ። መዝለል አልፈለገችም። ጥያቄው ኩርባው ሁለት ከፍታ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚደርስ ይጠይቃል። የጻፈችውን በቃሏ ነገረችኝ፣ እኔም እዚያው ጻፍሁት፦

«ከዜሮ እስከ ሦስት መስመሩ ከዜሮ ከፍታ ተነሥቶ ሳያቋርጥ በመውጣት አራት ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ሲወጣ ሁለትን አንድ ጊዜ አልፏል። ከሦስት እስከ አምስት ወረቀቱ ተጨፍልቋል፣ አላገኘሁትም። አምስት ላይ ሳገኘው ከፍታው አንድ ነው፤ ከዚያም እየወረደ ይሄዳል። መስመሩ ካልተቆረጠ ከአራት ወደ አንድ ለመውረድ ሁለትን ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነው። በተጨፈለቀው ቦታ ወጣ ወረድ ብሎ ከሆነ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል፤ ያንን ግን ከዚህ ወረቀት ማወቅ አይቻልም።»

ወንድሜ፣ ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ መልስ አርሜ አላውቅም። «ልክ ነኝ?» አለችኝ። «አራሚው ማን እንደሆነ ይወስናል» አልኋት። እንዲያ ማለት አልነበረብኝም። ደክሞኝ ነው።

እህትህ

ነሐሴ 17

እትዬ፣

ውጤቱን ከኔ በፊት እንዳወቅሽው ገባኝ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ሰባ አንድ። የሒሳብ ክፍሉ የሚፈልገው ስድሳ አምስት ነው። ሙሉ ተፈታኝ ናት፣ ምስክር ወረቀቷ ላይ ሌላ ምንም አልተጻፈም።

ውጤት ስለወጣ አንድ ነገር ልነግርሽ እችላለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት አራሚዎች ከጎኔ ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ማንነቷን አያውቁም። አንደኛው፣ «መልሱ ሁለት ነው፣ እሷ 'ቢያንስ' ብላለች፤ 'ቢያንስ' ደግሞ መልስ አይደለም» ይላል። ሌላዋ፣ «ጥያቄው አስረዳ ነው የሚለው። የጠፋውን ጠፍቷል ብላ፣ ያልጠፋውን አስረድታለች። ሌላ ምን ታድርግ?» ትላለች። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር አንድ ሙሉ ጧት አልፏል። በመጨረሻ ከአራት ሦስት ሰጧት። አንዱን የቀነሱት ለምን እንደሆነ ራሳቸውም አልተስማሙም። እኔ ሾርባዬ እስኪበርድ ሰማኋቸው።

ያቺ ጥያቄ ባትኖርም ታልፍ ነበር። ግን እንድታውቂው ፈለግሁ።

ሌላው ዜና፣ ኃላፊዋ ትናንት መጋዘን ድረስ መጣች። «እህትህ ዘንድሮ ማስተማር ማቆሟን ሰምቻለሁ። ካቆመች አዲስ ቅጽ ሙላና ወደ ክፍልህ ተመለስ» አለችኝ። አልመለስሁላትም። መጀመሪያ አንቺን የምጠይቀው አለኝ፣ በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። እባክሽ እውነቱን መልሺልኝ።

ታናሽሽ

መስከረም 6

ወንድሜ፣

ሌላውን ወረቀት አነበብሁት። አይደለም። ላንተ ብዬ አላቆምሁም፤ ከንቱ ውዳሴ አትሻ። ያቆምሁት መስማት ስላልቻልሁ ነው። ላንተ ብዬ ብሆን ኖሮ እንኳ አልነግርህም ነበር፣ ግን ላንተ ብዬ አይደለም። ዓረፍተ ነገሬ እንዳላጠረ ልብ በል።

ቅጹን ሙላ። ባዶ ቦታ እንዳትተው።

ልጅቷ ባለፈው እሑድ ሄዳለች። አባቷ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኝቷት ሲመለስ በቤቴ በኩል አለፈ። ገብቶ ተቀመጠ፣ ምንም አልተናገረም፤ እኔም ቢናገር የማልሰማው ሰው ሆኜ ጥሩ እንግዳ ተቀባይ ሆንሁለት። ሲነሣ የቀሚሴ እጅጌ ተተርትሮ ስላየ አውልቂው ብሎ ወሰደው። ማክሰኞ ሰፍቶ ላከልኝ።

እኔ መዝገብ ቤት ተመድቤያለሁ። ቀኑን ሙሉ የተማሪዎችን ፋይል በፊደል ተራ አደርጋለሁ። ማንም ምንም አያስረዳኝም። በመስኮቴ በኩል የድሮ ክፍሌ ይታያል፤ አዲሱ መምህር ጠመኔውን ለልጆቹ ሰጥቶ ራሱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማቸዋል። አንዳንዴ ሥራዬን ትቼ አየዋለሁ። ይሰማል፣ ይሰማል፣ ከዚያ እጁን አውጥቶ ይጠይቃቸዋል። እኔ ይህን ባደርገው ምን ይመስል ነበር እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ፋይሌ እመለሳለሁ።

ዓመቱን ሙሉ ልጠይቅህ እየፈለግሁ አልችልም ነበር። አሁን ተማሪ የለኝም፣ የምትፈራኝም ነገር የለም። ቁጭ ብዬ ምን ልጠይቀው ብዬ ሳስብ አመሸሁ፤ ስለ ፈተናው አንድም የምፈልገው አላገኘሁም።

ትንሿ ልጅህ ጥርሷ በቅሎ ስሟን መጥራት ቻለች?

እህትህ